ከስድሳ ሴንቲ ሜትር በታች

በእርሻ ምርምር ጣቢያችን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥር ያጠበች ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «ወንፊት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የጣቢያው ሹፌር ነው፤ ከመነጽሩ የወደቀችውን ብሎን ከአንድ ባልዲ አሸዋ ውስጥ ፈልጋ ስላገኘችለት። እሷም ስሙን አልጠላችውም። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ያላትን ሁሉ «ሥር» ትለዋለች። ጠያቂው የቀረውን ሲጠብቅ እሷ ጨርሳ መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱን እይዝ ነበር። ባልዲ፣ ጓንትና ወንፊት የምሰጣት እኔ ስለነበርኩ የሆነውን ከቅርብ አይቻለሁ።

ማሳችን አሸዋማ ነው፤ ውሃ ሲፈስበት ወደ ጎን ሳይሰፋ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሰብሉ ሲደርስ ሠራተኞች ከተክሉ ግርጌ የብረት ቱቦ በመዶሻ መትተው ያስገባሉ። ቱቦው ስድሳ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲወጣ አሸዋውን ከነሥሩ ይዞ ይወጣል። ወንፊት ያንን በአሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር ትከፍለዋለች፣ በውሃ ታጥበዋለች፣ ፀጉር የሚያህሉትን ሥሮች አንድ በአንድ በወረንጦ ትለቅማለች። ከዚያ ሥሩ ደርቆ ይመዘናል። ማጠቢያ ቤቱ ሁለት ገንዳና አንድ በርጩማ ያለው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ስለሚመጣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ካበጡ ቆይተዋል።

አንድ ዓመት ወጣት ዶክተር ተመድቦ መጣ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ቲማቲም በጠብታ መስኖ ሲጠጣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ይሻላል ወይስ በአራት ቀን አንዴ ረጅም ሰዓት? እሱ መልሱን አስቀድሞ ያወቀው ይመስል ነበር። በየቀኑ የሚጠጣው ይሰንፋል፣ በአራት ቀን የሚጠጣው ግን ውሃውን ተከትሎ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል ባይ ነው።

ወንፊት ዘጠና ስድስት ናሙና አጠበች። በየቀኑ የጠጣው ሥሩ ከጠብታው በታች ተጠቅልሎ፣ ላይ ላዩን ሃያ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ታጭቆ ተገኘ። በአራት ቀን የጠጣው ደግሞ ላይ ላዩን ሳሳ ያለ ነው፤ ከሠላሳ በታች ግን አንድ ሁለት ክር እንጂ ምንም የለውም።

ዶክተሩ በስብሰባ ክፍሉ ስድስት ሰው ባለበት ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ይሄ ሊሆን አይችልም» አለ። «ቀጫጭኑን ሥር ውሃ ወስዶታል። ወይ ወንፊቱ ሰፊ ነው፣ ወይ እጅ ቸኩሏል።»

እሷ መቀመጫዋን አስተካክላ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠረጴዛውን ስታይ ቆየች።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው፤ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ያን ቀን ማታ የተባባሉትን በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

«እጅ ቸኩሏል አለኝ፣ እትዬ።»

እህቷ ስፌቷን ሳታቆም፣ «አንቺስ ምን አልሽው?» አለቻት።

«ምን ልበለው?»

«ና ራስህ እጠበው አትይውም ነበር?»

«እትዬ ደግሞ! እኔ የሚቆጨኝ እውነት ተናግሬ መጠርጠሬ ነው። ሥሩ አልወረደም። ውሃው አሸዋውን ሰንጥቆ ሥር ሳይደርስበት ያልፋል። የለም፣ የለም ነው።»

«ተክሉስ ታዲያ? ደረቀ?»

«አልደረቀም። ባለፈው የፓምፑ ቺንጋ ተበጥሶ ስድስት ቀን ውሃ ሲጠፋ በየቀኑ የለመደው በሦስተኛው ቀን ጠወለገ። ይሄኛው ቅጠሉም አልታጠፈ።»

እህቷ ያን ጊዜ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ሥር ከሌለው ታዲያ በምን ቆመ?»

ወንፊት ይህን ስትነግረኝ፣ «በገዛ ቤቴ አፌን አስያዘችኝ» ነበር ያለችው።

በማግስቱ ገና በሩን ሳልከፍት ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ ጣውላና በጀርባ የሚታዘል የውሃ መርጫ ፈርማ ወሰደች። ከዚያ ዶክተሩ ዘንድ ገብታ፣ «ዶክተር፣ ይቆፈር» አለችው።

«ምኑ?»

«ከተክሉ አጠገብ ጉድጓድ ይቆፈርና የግድግዳው አሸዋ በውሃ ይታጠብ። ሥሩን በዓይናችን እንየው። ካመለጠኝ ማምለጡን አያለሁ።»

እሱም እልህ ይዞት ኖሮ እሺ አለ። ሁለት ሠራተኞች በሁለቱ ዓይነት መደቦች መካከል ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። አሸዋ ስለሚናድ ጎኑን በጣውላ ደገፉት። ጉድጓዱ ከሰው ደረት ሲያልፍ እሷ መርጫውን ተሸክማ ወረደች፣ ግድግዳውንም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ታጥበው ጀመር። ዶክተሩ እጆቹን አጣምሮ ከላይ ቆሟል።

በመጀመሪያ በየቀኑ የሚጠጣው ተክል ታየ። ሥሩ እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሎ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚያ በታች ባዶ አሸዋ ነው።

ቀጥላ በአራት ቀን ወደሚጠጣው ተክል ዞረች። ሠላሳ ላይ አምስት ስድስት ክር ወጣ። ስድሳ ላይም ያው አምስት ስድስት ክር ነው። ዶክተሩ ድምፁ ለዘብ ብሎ፣ «እንግዲህ እርስዎ እንዳሉት ነው። ይብቃዎት፣ ይውጡ» አላት።

«ክሩ አልተቆረጠም፤ ወዴት እንደሚሄድ ልየው» አለችና ጎንበስ ብላ ማጠቧን ቀጠለች።

ዘጠና አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ የአሸዋው ቀለም ጠቆረ። ጣት የማይሞላ የሸክላ አፈር ንጣፍ ነበር፤ ሲነኩት እርጥብ ነው። እነዚያ ክሮች እዚያ ሲደርሱ እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው፣ ተጠላልፈው፣ የወረደው ውሃ ሁሉ ላይ ተኝተዋል። ከሠራተኞቹ አንዱ «ጉድ!» አለ። ዶክተሩ ንጹሕ ሱሪውን እንደለበሰ ዘሎ ገባ፤ በእጁ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ።

«ቱቦው ስድሳ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እኔም የለም ብዬ ነበር» አለች። ማንም አልጠየቃትም፤ የራሷን ስሕተት ራሷ ተናገረች።

ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተሩ ወደ ማጠቢያ ቤቱ መጣ። እኔ ሳሙና ላደርስ ገብቼ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያን ቀን በሰው ፊት ለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ቧንቧው እየፈሰሰ ነበርና «አልሰማሁም» አለችው። ድገመው ማለቷ ነው። ደገመው። ያኔ ቧንቧውን ዘጋችና «ይሁን፣ ግዴለም» አለች። መስማቱንስ መጀመሪያም ሰምታ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ጣቢያው አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ቱቦ አሠራ። ሥራዋ እጥፍ ሆነ። ዶክተሩ በአራት ቀን ማጠጣት ይሻላል ብሎ ለገበሬዎች ሊያስታውቅ ሲነሳ፣ «ሌላ ቦታ ሳናይ?» ብላ ያዘችው። የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ማሳ ላይ ሞከሩ። እዚያ እስከ ታች አሸዋ ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚይዝ ንጣፍ የለም። በአራት ቀን የጠጣው ቲማቲም ሥሩም አልወረደ፣ ፍሬውም ጠብ አላለ፤ ድካሙን ውሃ በላው። ከስድሳ በታች ታጥቦ የተገኘው ዜሮ ነበር። ዶክተሩ ዜሮውን ያለ ክርክር ጻፈው። ለገበሬዎቹ የወጣው ምክርም ከማጠጣት በፊት አንድ ሜትር ቆፍራችሁ እዩ የሚል ሆነ።

ወንፊት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራች። ጣቶቿ ወረንጦ መያዝ ሲያቅታቸው ጡረታ ጠየቀች። በቦታዋ አንዲት ዓይኗ ጥሩ የሆነ ሴት ተቀጠረች፤ ወንፊት አራት ወር አጠገቧ ተቀምጣ አሠለጠነቻት። አዲሷም ሥራውን በደንብ ያዘችው። በውሃው ግፊት ነገር ብቻ አልተስማሙም። አንዷ ከፍ ስታደርገው ሌላዋ ዝቅ እያደረገችው እስከ መጨረሻው ቀን ዘለቁ።