ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩት መጋረጃ

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ እሞክር ስለነበር ጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ አስተርጓሚና ጸሐፊ አድርገው አስገቡኝ። እምቢ ብል ምን እንደሚከተል አውቅ ነበርና ገባሁ።

የተሰጠኝ ክፍል የሁለት ሰው ነበር። አንዱ ጠረጴዛ የኔ፣ ሌላው ደግሞ ከየት እንደመጣ በውል የማይታወቅ የአንድ ወጣት ጸሐፊ። አንዱ የወሎ ልጅ ነው ይለኛል፣ ሌላው የሸዋ ነው ይለኛል። ራሱን ስጠይቀው «ከዚሁ ካገራችን ነኝ» ይልና ብዕሩን ቀለም ውስጥ ይነክራል። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ጆሮ ጠቢ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። እኔማ በዚያ ዘመን ገንፎውን ትቼ ስንጥሩን ብቻ ስፈልግ ነበር የምውለው።

ተፈጥሮዬ ሆኖ የምቀመጥበት ቦታ ካላማረ ሥራ አይገባልኝም። ወንበሬ ላይ ነጭ አጎዛ አነጠፍኩ። ብዕሮቼን በአክርማ በተሰፋች ትንሽ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጥኩ። መስኮቱ ላይ በሸክላ አሪቲ ተከልኩ። ግድግዳውን ግን ባዶውን ተውኩት፤ ባዶ ግድግዳ ዓይን ያሳርፋል። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ እያየ ፈገግ ይላል እንጂ የራሱን ጠረጴዛ አቧራውን እንኳ አይጠርግም። ይህም አስጠረጠረኝ። ለመቆየት ያላሰበ ሰው ነው ቦታውን የማያሳምረው አልኩ።

አንድ ቀን ትእዛዝ ወጣ። ከየጠረጴዛው በላይ የታላቁ አለቃቸው ፎቶግራፍ ይሰቀል ተባለ። አገጩን ወደ ፊት ያወጣ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ሰውዬ ነው። ያሳመርኩት ማዕዘን ባንድ ጊዜ ተበላሸ። ቀና ባልኩ ቁጥር ያፈጥጥብኛል። ወንድሞቻችንን በመርዝ ያስፈጀ ሰው አናቴ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ መዋሉ አንገበገበኝ።

ከባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ላይ ጥለቱ ያልደበዘዘውን ጫፍ ለመንኳት። ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ጨርቁን በቀጭን ሸምበቆ ላይ አስገብቼ አገጫሙን ሰውዬ ጋረድኩት። ራቅ ብዬ ሳየው አማረኝ፤ ማዕዘኑ እንደገና የኔ ሆነ።

ደስታዬ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። የጣልያኑ ሹም ገባና መጋረጃውን አይቶ ቆመ።

«ለምን ሸፈንከው?» አለ።

ክው አልኩ። አፌ ግን ቀደመኝ። «በእኛ ዘንድ የከበረ ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል። ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቢያዩ እንዲሁ ነው» አልኩት።

ገብቶ አይቶ ኖሯል። ፊቱ በራ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በማግስቱ የባልደረባዬም ፎቶግራፍ እንዲጋረድ አዘዘ።

ባልደረባዬ ሚስማሩን እየመታ ወደ እኔ ሳይዞር «ጋሼ» አለኝ፣ «በእርስዎ አገር በሕይወት ያለ ሰው ሥዕልም ይጋረዳል እንዴ?»

የውሸቴን ቀዳዳ አግኝቷታል። «ትእዛዝ ነው፣ ጋርድ» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ወዲያ ወደ ሹሙ ክፍል በገባ ቁጥር የእኔን ጉዳይ ይዞ የገባ ይመስለኝ ጀመር። ገበያው አጠገብ መስቀያ ቆሞ ነበርና በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

የፈራሁት ከዚያ ነበር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ግን በሌላ በኩል ነው። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። «ጣልያኑን እንደ እመቤታችን ጋርዶ ይሳለመዋል» ተባልኩ። ባለቤቴ ወሬውን ከውኃ ወራጆች ሰምታ መጣች።

«የኔን ጥለት ለእሱ?» አለችኝ።

ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ይህንን ለሰው ሁሉ እየዞርክ ልትነግር ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ብናገር ጣልያን ይሰቅለኛል፣ ዝም ብል ያገሬ ሰው አይምረኝም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ሆንኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የነፍስ አባቴን ለመሳለም ዝቅ ስል መስቀላቸውን ወደ ጋቢያቸው ከተቱት። እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ብዙም ሳይቆይ ከአምበር በኩል የባለቤቴ ወንድም መጣ። ጫካ ካሉት አርበኞች መልእክት ይዟል። «እስከ ፋሲካ ካላወረደው እኛ መጥተን እናወርደዋለን ብለዋል። ፎቶውን ይሁን አንተን አልነገሩኝም» አለ። ከዚያ አዘነልኝ መሰል «የነፍስ አባትህ አንድ ቃል ቢናገሩልህ ግን ይሰሟቸዋል» ብሎ ሄደ።

እንዲህ ስጨነቅ ሁዳዴ ገባ። አንድ ረፋድ ላይ እኒያው የነፍስ አባቴ ጽሕፈት ቤት መጡ። ሰዓት እላፊው ስለከለከለ የትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን እንዲያድር ፈቃድ ሊጠይቁ ነው። ሹሙ እኛ ክፍል ድረስ መጥቶ ተቀበላቸውና በጣቱ መጋረጃዬን አሳየ።

«ንገረው» አለኝ፣ «መጀመሪያ መጋረጃውን ገልጦ ባገሩ ልማድ ይሳለም።»

ተረጎምኩላቸው። ቀና ብለው መጋረጃውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «እንዲህ ያለ ልማድ የለንም» ቢሉ እኔ ወደ መስቀያው ነኝ። ገልጠው ቢሳለሙ ደግሞ ነገ መቅደስ ፊት በምን ዓይናቸው ይቆማሉ?

«ቁርሴን በልቻለሁ በለው» አሉ ረጋ ብለው። «የበላ ሰው መጋረጃ አይገልጥም።»

በሁዳዴ ጠዋት! እኚያ ሰው እንኳን እህል ውኃም አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቄስ ሆኖ በሰው ፊት በሁዳዴ በላሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጣልያኑ አያውቅም። ባልደረባዬ ግን ያውቃል። ብዕሩን አስቀመጠ።

ሹሙ ጥርጣሬ ገባውና ወደ እሱ ዞረ። «እውነት ነው?»

ባልደረባዬ ረጅም ጊዜ አየኝ። «እውነት ነው ጌታዬ፣ ልማዳቸው ነው» አለ። አዝኖልኝ ይሁን ለሌላ ቀን ሊያቆየኝ፣ ዛሬም አላውቅም።

ሹሙ ፈቃዱን ፈረመ። የነፍስ አባቴ ሲወጡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና መስቀላቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። ግንባሬንና ከንፈሬን አስነኩኝ።

«ጾሜን በአፌ ሻርኩልህ፣ ልጄ» አሉኝ በለሆሳስ። «አንተም ቀን እስኪያልፍ እንዳትገልጠው። ለነዚያ ለጫካዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እንባዬ ገነፈለ። ባልደረባዬ እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና መጋረጃው ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

ሹሙ ከኋላዬ አይቶኝ ኖሯል። «ተመልከተው» አለ በደስታ፣ «ያለቅስለታል እኮ!»

«አዎ ጌታዬ» አለ ባልደረባዬ ሳይስቅ፣ «በጣም ይወደዋል።»