አረንጓዴ በር በግንብ አጥር ላይ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ ጋር በባጃጅ ወደ ባህል አዳራሹ አካባቢ እንሄድ ነበር። እዚያ አንድ ረጅም የግንብ አጥር እንድንቀባ ባለቤቱ ፈቅደውልን ነበር። ጎዳና የሚያድሩ ሰዎችን ለመሳል አስበን ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ እንዲያያቸው።

ከአጥሩ ጥግ፣ ላስቲክ ወጥረው፣ አንዲት አዛውንት እናት ይኖሩ ነበር። በየሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ነው የኖሩት፤ ጉልበታቸው ሲደክም የቤት ኪራይ አቃታቸው። ጓደኛዬ ተጠቅልላ የተኛች ሴት መንደፍ ሲጀምር አዩትና፣

«እኔ ነኝ?» አሉት።

«አዎ እማማ። ካልከፋዎት።»

«ተኝቼማ ሁሌም ያዩኛል። ቁጭ ብዬ ሳለኝ፤ ደጃፌ ላይ።»

የትኛው ደጃፍ ብሎ መጠየቅ ከብዶን ተያየን። ገባቸውና ሳቁ። «አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነበረኝ። አጠገቡ ፓፓያ።»

ንድፉን አጠፋነው። እሳቸው እያዘዙ እኛ ቀባን። «በሩ ገርበብ ይበል፤ እንግዳ ቢመጣስ?» ይሉናል። ከሰዓት ከከተማዋ ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ሲያነሳ፣ እርጥቡን ቀለም በነጠላቸው ይከልሉልን ነበር። አቤት እነዚያ ቅዳሜዎች!

ሥዕሉ ሲያልቅ የባጃጅ ሾፌሮች እየቀለዱ «ቤቶች!» ማለት ጀመሩ። እማማም «ደጆች! ግቡ!» ይላሉ። ቀልዱ ውሎ አድሮ ሰላምታ ሆነ። ለካ ከዚያ በፊት ሰላም የሚላቸው አልነበረም! ለፋሲካ የሰፈሩ ሴቶች ዳቦ ይዘው መጡ፤ ከእነሱ አንዷ፣ ባሏ የሞተባት መምህርት፣ ብዙ ስታጫውታቸው ቆይታ፣

«ግቢዬ ውስጥ ባዶ ክፍል አለ። ለምን እኔ ጋ አይመጡም?» አለቻቸው።

«እድር ታስገቢኛለሽ? ጣሪያስ ላስቲኩም ጣሪያ ነው። ያጣሁት ሰው ነው።»

መምህርቷ የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ ተከራከረችላቸው። አንዳንዶች ቢያጉረመርሙም በመጨረሻ ተቀበሏቸው።

አጥሩ ከጊዜ በኋላ ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። እማማ ግን በዚያች ክፍል ዓመታት ኖሩ። ባለፈው ክረምት ሲያርፉ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ መቀመጫ አልነበረም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ውጭ ከሾፌሮቹ ጋር ቆሜ አለቀስኩ።