የሌሊሴ አሯሯጥ

ይህን ነገር ለእናቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ ስቀርብ ጾም መግደፌን፣ መዋሸቴን እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ምን ብዬ ልጀምረው? «አባቴ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሮጬ አሳየሁ» ብል ኃጢአቱ የቱ ላይ እንደሆነ ማን ይረዳኛል? እኔ ግን አውቀዋለሁ።

መቱ ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ሌሊሴ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ በራችንን እየመታች «ኮቱ፣ ተነሺ» ትለኛለች፤ ኮቱ በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው፤ የጎሬን መንገድ ይዘን እንሮጣለን። ያዘዘንም፣ ማርክ የሚሰጠንም አልነበረም። ሌሊሴ ስትሮጥ ክንዶቿን ወደ ጎን ታወናጭፋለች፣ አንገቷ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር እየተቀላለደች ትስቃለች። እኔ ክርኔን አጥፌ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ልክ እንደተማርነው እሮጣለሁ። ሁልጊዜ የምትቀድመኝ ግን እሷ ነበረች። ያናድደኝ ነበር ወይ? አዎ፣ ያናድደኝ ነበር።

የስፖርት መምህራችን አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ እንቅስቃሴ ሲያስተምሩ አንድ ተማሪ ጠርተው መጀመሪያ ትክክለኛውን፣ ቀጥሎ ስህተቱን ያሠሩታል። ብዙ ጊዜ የምጠራው እኔ ነኝ፤ መጠራትም እወድ ነበር። የሩጫ ትምህርት የደረሰ ዕለት ትክክለኛውን ሮጬ ተመለስኩ። «አሁን ደግሞ የተሳሳተውን አሳዪ» አሉኝ። የማንንም ስም አልጠሩም። እግሬን ጎትቼ ማሳየት እችል ነበር፤ የማንም ያልሆነ ስህተት መፍጠር እችል ነበር። እኔ ግን ሌሊሴን ሆኜ ሮጥኩ። ክንዶቼን እንደ እሷ አወናጨፍኩ፣ አንገቴን እንደ እሷ አዘነበልኩ፣ ሳቋንም ጨመርኩበት። ተማሪው ሁሉ ወዲያው አወቃት። አንዱ ከኋላ «ዶሮዋ አመለጠች» አለ። መምህሩም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሲስቁልኝ ጊዜ ዞሬ ደገምኩት። ማንም ሳያዘኝ ደገምኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌሊሴ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችኝም። ቀስ ብላ «እውነት እንደዚያ ነው የምሮጠው?» አለችኝ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ትንሽ አጋንኜዋለሁ» አልኳት። ትንሽ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በራችንን የመታ የለም። ሄጄ ብጠራት እናቷ እትዬ ብርቄ «ልብስ እያጠበች ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚታጠበው ልብስ አላልቅ አለ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዷን ያማታል፤ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የሌሎቻችንን ሹራብ ትጠብቃለች። በዚያ ዓመት ከክፍሉ ትልቁን የስፖርት ማርክ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የአካል ብቃት መምህራችን፣ ተማሪዎች ማርኩ ሲቀር በትርፍ ጊዜያቸው ስፖርት መሥራት የሚተዉት ለምን እንደሆነ ጠየቀን። እጄን አወጣሁ። ሜዳ የለም፣ ጊዜ የለም፣ ግንዛቤ የለም አልኩ። ጎበዝ አለኝ። ተቀመጥኩ፤ መቀመጫው ግን ቆረቆረኝ። ሌላ መልስ አውቅ አልነበረም ወይ? አውቅ ነበር። ጎበዝ ስለማያስብል ዋጥኩት።

ለዕረፍት መቱ ስመለስ ሌሊሴን በእናቷ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ፤ ቅዳሜ እንሩጥ አልኳት። ፈገግ አለችና መንገዱን ገልመጥ አደረገች።

«ተዪ ባክሽ፣ ሰው ያየናል» አለች።

ይህን ያለችው ሌሊሴ ናት። ማንን ነው የምትፈራው? አላፊ አግዳሚውን? ባጃጅ ነጂውን? እነሱማ ድሮም ያዩዋት ነበር፤ አይተው እጃቸውን ያውለበልቡላት ነበር። የምትፈራውን ዓይን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም። መምህሩ አዘውኝ ነው አልልም፤ ስህተት አሳዪ አሉኝ እንጂ እሷን አሳዪ አላሉኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተሳቀባችሁ እናንተ አይደላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እኔም እስካሁን አልጠየቅኳትም።