የኦቦ ባጫ ታዛቢ

ጣቢታ ከከምባታ ስትመጣ አውቶቡሱ ዓለም ገና ላይ ያወረዳት ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ነው። የወጨጫ ተራራ ወገቡ ጠፍቶ፣ ጫፉ ብቻ ከምድር ተለይቶ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ከመንገዱ ባሻገር ነጭ ሰፊ ነገር ተኝቶ አየችና ሐይቅ መሰላት።

"የዚህ ሐይቅ ስሙ ማን ነው?" ብላ አጠገቧ የቆመችውን ሴት ጠየቀች።

ሴትየዋ ሳቀች። "ምን ሐይቅ አለ እዚህ! ፕላስቲክ ነው፤ የአበባ እርሻ ነው" አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ እዚያው ተቀጥራ ጽጌረዳ መቁረጥ ጀመረች። ከፕላስቲኩ በታች ያለው ብርሃን ጥላ የለውም። ሙቀቱ ይከብዳል፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ሴቶቹ ከየመጡበት አገር ባመጡት ቋንቋ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ኦሮምኛን የለመደችው እዚያ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በዜማ፣ ቀጥሎ በቃል። እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤቷ መዘምራን ጋር ትዘምራለች። ከሥራ መልስ ደግሞ በልጅነቷ ያቋረጠችውን ትምህርት ሰበታ ከተማ ውስጥ በማታው ክፍለ ጊዜ ትከታተላለች። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ባል የላትም፣ በዚህ አገር ዘመድም የላትም።

የሥነ ዜጋ አስተማሪዋ መምህር ደገፋ ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጠመኔውን እስከ መጨረሻዋ ስባሪ የሚጽፍበት ሰው ነው። በሁለት ሺህ ሰባቱ ምርጫ የተቃዋሚውን ፓርቲ ወክሎ ተወዳደረ። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ሲወጡ ጣቢታን አስቀራት።

"ታዛቢ አጣሁ" አላት። "የምጠይቀው ሰው ሁሉ ልጅ አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ ንግድ ፈቃድ አለኝ ይለኛል።"

"እኔ ምንም የለኝም" አለች ጣቢታ እንደ ቀልድ።

እሱ ግን አልሳቀም። "እኮ፣ ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ።"

"ምንድን ነው የምሠራው?"

"ትቀመጫለሽ። ታያለሽ። ሌላ ሥራ የለውም።"

የምርጫው ዕለት በማለዳ ጣቢያው ደረሰች። በአንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ" አሏት፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ኦቦ ባጫ ይባላሉ፤ በአካባቢው የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ የመጡትም የገዢው ፓርቲ ታዛቢ ሆነው ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ተቃራኒዎች ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ዋሉ። ሰዉ ገባ፣ ወረቀቱን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ጣለ፣ ወጣ። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትሄድ ጣቢታ እየነቃች የምታልም መሰላት።

በምሳ ሰዓት ለኦቦ ባጫ በሳህን ምግብ መጣላቸው። ለእሷ ማንም አላመጣም። ሽማግሌው ሳህኑን በመካከላቸው አስቀመጡት። "ብይ" አሏት፤ "ንብም ይራባል፣ ተቃዋሚም ይራባል።" ንብ የገዢው ፓርቲ ምልክት ነበረች።

"ኦቦ ባጫ፣ አንቱ ግን ለምን ንብን መረጡ?" አለቻቸው ድፍረት ስታገኝ።

"ማሯን ቀምሼ ነዋ። ውሃ ከወንዝ በአህያ ነበር የማስመጣው፤ ዛሬ ፓምፕ አለኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታልኛለች። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አልሆንም።" ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና፣ "አንቺስ?" አሏት።

"አስተማሪዬ ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።"

ሳቁ። "እሱም ያው ነው" አሉ።

ሲመሽ ድምፁ ተቆጠረ። በዚያች ጣቢያ መምህር ደገፋ በጥቂት በለጠ። የጣቢያው ኃላፊ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው፤ ጮክ ብሎ ለማንበብ አፉ ተያዘ። ኦቦ ባጫ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ "አንብበው እንጂ፤ ሁላችንም አይተናል" አሉት። አነበበው። ጣቢታ ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። ባጃጁ፣ አቧራው፣ የሥጋ ቤቱ መብራት፣ ሁሉም ለሠርግ የተሰናዳ መስሎ ታያት።

ውጤቱ ሲጠቃለል ግን ሌላ ሆነ። የአበባ እርሻው ውስጥ አንዲት ሴት በስልኳ ሬዲዮ ከፍታ ነበር፤ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር በሙሉ አሸነፉ ይላል።

"በሙሉ ማለት?" አለች ጣቢታ።

"በሙሉ ማለት በሙሉ ነዋ!"

አይታው የማታውቀው የምክር ቤት አዳራሽ ፊቷ ድቅን አለ። ሰው ተነስቶ ይናገራል፤ ከወዲያኛው ግድግዳ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ይመጣለታል፤ እሱም መልስ የተሰጠው መስሎት አመስግኖ ይቀመጣል። መምህር ደገፋ እንደ ወትሮው ክፍል ገባ። ጥቁር ሰሌዳውን ጠርጎ ትምህርቱን ካቆመበት ቀጠለ።

ኅዳር ሲገባ ማስተር ፕላን የሚለው ቃል በየሰፈሩ ይነገር ጀመር። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያቀናጅ ነው ይላሉ ሹሞቹ፤ ገበሬውን የሚያፈናቅል ነው ይላሉ ወጣቶቹ። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ተማሪው ሰልፍ ወጣ። በዚያው ሰሞን መምህር ደገፋን ከቤቱ ወሰዱት። የተፈታው ከወራት በኋላ ነው፤ ወደ ማስተማሩም አልመለሱትም።

አንድ እሁድ ጣቢታ ከጸሎት ስትመለስ ኦቦ ባጫ የተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ፊታቸው ጠውልጓል።

"ያ አስተማሪሽ የት አለ?" አሏት።

"ታስሯል፣ ኦቦ ባጫ።"

ግድግዳውን ተደገፉ። ጤፋቸው መሀል ችካል ተተክሎ እንዳገኙ ነገሯት። የለኩት ሰዎች እህሉ ሲታጨድ መሬቱን እንዲለቁ ነግረዋቸው ሄደዋል። ቤት ይግቡ አለቻቸው፤ አልገቡም።

"ታዲያ ድርጅትዎ ነው የሚያስተዳድረው፤ አይነግሯቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል። ሁሉም 'ያንተው ድርጅት ነው እኮ ኦቦ ባጫ' ይለኛል። እኔ ንብን መርጬ አልተጸጸትኩም፤ ብሸሽግ ፈጣሪዬ ዋቃ ይታዘበኛል። ግን ከናንተ ወገን አንድ ሰው እንኳ እዚያ ምክር ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ደጁን እጠና ነበር።" ቀና ብለው አዩዋት። "ማክሰኞ ስብሰባ ተጠርቷል። እጅ አውጡ ሊሉን ነው። ነይና አጠገቤ ተቀመጪ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ምን እላለሁ?"

"ምንም አትበይ። እያየሽ ተቀመጪ።"

ፈራች። ሥራዋን አሰበች፣ የቤት ኪራይዋን አሰበች፣ በማታውቀው አገር መታሰርን አሰበች። ማክሰኞ ዕለት አሞኛል ብላ ከሥራ ቀረችና ሄደች።

አዳራሹ በገበሬ ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፤ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ተቀብቷል። ጣቢታ የአበባ እርሻውን ከሰማይ ሆና የምታይ መሰላት፤ እንዲህ ባለ ውብ ነገር ውስጥ የሰው ቤት እንዳለ ማሰብ ከበዳት። ከበላይ የመጣው ሹም ስለ ልማት፣ ስለ ካሳ ረጅም ንግግር አደረገ። በመጨረሻም፣ "እንግዲህ የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ" አለ።

እጆች አንድ በአንድ፣ እያመነቱ ተነሱ። ኦቦ ባጫ እጃቸውን ሳይሆን ራሳቸውን አነሱ፤ ቆሙ።

"እኔ የድርጅቱ አባል ነኝ" አሉ። "ደብቄው አላውቅም። መሬቴን አትንኩ ብዬ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም፤ የትም ብገባ የማገኘው ራሴን ነው። ከሳሽም እኔ፣ ተከሳሽም እኔ፣ ዳኛውም እኔ ነኝ። ታዲያ ድርጅቴን ለማን ልክሰሰው?"

ሹሙ ፊቱ ተለዋወጠ። ዓይኑ ጣቢታ ላይ አረፈ። "ይቺ ደግሞ ማን ናት? እዚህ መሬት አላት?"

"መሬት የላትም" አሉ ኦቦ ባጫ። "ታዛቢዬ ናት።"

ማንም አልሳቀም። ጣቢታ ዓይኗን ከሹሙ ላይ አላነሳችም። ከኋላ አንድ ሰው ያነሳውን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ከጎኑ ያለው ተከተለው። ቀጥሎ የአዳራሹ እጅ ሁሉ፣ ሳር ላይ እንደሚያርፍ የወፍ መንጋ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላለፈ ተባለ።

በነጋታው መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ጎማ ተቃጠለ፤ ከሩቅ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ኦቦ ባጫን ማሳቸው ላይ ሳሉ ያዟቸው። የአበባ እርሻውም ለተወሰኑ ቀናት ተዘጋ። ሴቶቹ ሲመለሱ ያዩትን ጣቢታ እስከ ዛሬ አትረሳውም፤ በእንቡጥነቱ መቆረጥ የነበረበት ጽጌረዳ ሁሉ ቆራጭ አጥቶ ፈክቷል። ከዳር እስከ ዳር አፉን ከፍቶ የሚስቅ ቀይ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ለማንም አይሸጥም። ሴቶቹ መቀሳቸውን ይዘው፣ ሽታው ራሳቸውን እያዞራቸው፣ ምን ያህል እንደቆሙ እንጃ።

ከዚያም ሱፐርቫይዘሩ ጣቢታን ወደ ዳር ወሰዳት። "ስለ አንቺ እየጠየቁ ነው። እኔን ችግር ውስጥ አታስገቢኝ፤ ከነገ ጀምሮ አትምጪ" አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው።

መሄጃ ሲጠፋት ወደ ኦቦ ባጫ ቤት ሄደች። ባለቤታቸው አዴ ዲንቄ አቀፈቻትና አለቀሰች፤ ቀጥላም ማጭድ ሰጠቻት። ጤፉ ደርሶ ሊረግፍ ነው፤ ጎረቤት ደቦ ጠርቷል። መንገድ ሲዘጉ የሰነበቱት ልጆች መጡ። አዳራሹ ውስጥ እጃቸውን አንስተው ያወረዱት ገበሬዎችም መጡ። ችካሉን እየዞሩ አጨዱ። ጣቢታ ነዶ አሰረች። ሲመሽ አዴ ዲንቄ፣ "ወዴት ነው የምትሄጂው? እዚሁ እደሪ" አለቻት። አደረች፤ ሰነበተችም። ዛሬም ድረስ የምትኖረው እዚያው ግቢ ጓሮ በሠሩላት ቤት ነው። ጎመንና ሽንኩርት እያለማች ዓለም ገና ትሸጣለች።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ያወጣውም የሰረዘውም ያው ድርጅት ስለነበር ሰዉ መደሰት ፈራ፤ ነገ መልሶ ቢያመጣውስ ማን ይከለክለዋል? ቢሆንም ውቂያው ተጀመረ።

በሬዎቹ አውድማው ላይ ሲዞሩ አንድ ሰው ከመንገዱ በኩል ቀስ እያለ መጣ። ራሱ ተላጭቷል፤ ካፖርቱ ሰፍቶታል። ኦቦ ባጫ ነበሩ። አዴ ዲንቄ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጃቸው ዝም አሰኟት። ጭዱ ላይ ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው ከጤፉ እፍኝ አነሱ፣ አሸተቱት፣ ቀስ ብለው ጋደም አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በሬ የሚነዳው ጎረምሳ ዘፈኑን አቆመ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ወርቃማ ብናኝ ከበሬዎቹ ኮቴ እየተነሳ ሽማግሌው ላይ ያርፋል፤ ሲተነፍሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጣቢታ ነጠላዋን አውልቃ ፊታቸውን ከዝንብ ጋረደችላቸው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ነጠላው ስር ድምፅ ተሰማ። "ነፋሱ ተነሳ?"

ጣቢታ ወደ ወጨጫ በኩል ቀና ብላ አየች። የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ገና መወዛወዙ ነበር።

"እየመጣ ነው፣ ኦቦ ባጫ" አለቻቸውና መንሹን አነሳች።