የባሕሯ ሴት ቆዳ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ እልል ከሚሉት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ መብራት የጠፋ ምሽት ጋሽ ደምሴ በራቸውን ለሰፈሩ ልጆች ይከፍቱ ነበርና። ቤታቸው አሰላ ላይኛው ሰፈር፣ ከእኛ ቤት በአጥር ብቻ የተለየ ነበር። በወጣትነታቸው ስለ በግ እርባታ እንዲማሩ ስኮትላንድ ተልከው አምስት ዓመት ኖረዋል፤ ከዚያ ይዘው የመጡትም አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ፣ በሆነ ባልሆነው ቱግ የሚል ጠባይና ማለቂያ የሌለው ተረት ነው። ፋኖሱን መስኮቱ ሥር ያስቀምጡና፣ የከሰል ምድጃውን ወደ እግራቸው ሳብ አድርገው፣ የገብስ ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ ካደሉን በኋላ «ያ ኢጆሌ! እናንተ ልጆች፣ የሚያስነጥስ ካለ አሁኑኑ ያስነጥስ፤ ከጀመርኩ በኋላ ያቋረጠኝን ወዮለት!» ይሉን ነበር።

ደስ ሲላቸው ያስቁናል። በዚያ አገር ዘመን ሲለወጥ የቤቱን ደጃፍ መጀመሪያ የሚረግጠው ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ ይገባል ተብሎ ስለሚታመን፣ ፀጉረ ጥቁር ወንድ ከሰልና ዳቦ ይዞ እንዲገባ ይፈለጋል፤ ፀጉሩ ቀይ የሆነ ከቀደመ ግን ጉድ ፈላ። «ከእኔ የጠቆረ ፀጉር ከየት ይመጣል! ከሰል እያስጨበጡ ከቤት ቤት ሲያዞሩኝ እግሬ አለቀ» ይሉና ይስቃሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐይቅ ዳር ቆሞ ስለሚጠብቅ ጥቁር ፈረስ ይነግሩናል፤ ጋማውን የነካ ልጅ እጁ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፣ ፈረሱም ይዞት ወደ ውኃው ይገባል። ያን የሰማን ሰሞን የጋሪ ፈረስ እንኳ ሲያልፍ እጃችንን ከኪሳችን አናወጣም ነበር።

ያኔ ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የአቆስጣዋ ተረት ነው። አቆስጣ ዓሣ እየበላ የሚኖር፣ ቆዳው ለስላሳ፣ ዓይኑ የሰው ዓይን የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው አሉን። አንዳንዷ ታዲያ ከውኃ ትወጣና ቆዳዋን እንደ ልብስ አውልቃ ሴት ትሆናለች። አንድ ዓሣ አጥማጅ የአንዷን ቆዳ ሰርቆ ደበቀባት፤ ያለ ቆዳዋ መመለስ አትችልምና አገባችው፣ ወለደችለት፣ ቤቱንም አሞቀችለት። ግን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ባሕሩን እያየች ትቆማለች፤ ቢጠሯትም አትሰማ። አንድ ቀን ልጇ ከጣሪያው ሥር ቆዳውን አገኘና «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አመጣላት። ልጆቿን ሳመች፤ ሄደች። ጋሽ ደምሴ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፍሙን ነካ ነካ አደረጉት፤ ከጀርባቸው ያለው ጥላም ግድግዳው ላይ ተንቀሳቀሰ።

ማስጠንቀቂያቸውን ረስቼ «ልጁ ቆዳውን ቢያቃጥለውስ?» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ስል ትክ ብለው አዩኝ። «ቢያቃጥለውማ ባሕሩ ዳግመኛ አይቀበላትም። እዚያው ትቀራለች።»

እኔ የጠየቅኩት ለተረቱ ብዬ አልነበረም። እናቴ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ነርስ ሆና አሰላ ተመደበች፣ አባቴን አገባች፣ ቀረች። ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ከቤታችን ጀርባ ትቆምና ከታች ቆላው ላይ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጨውን የዝዋይን ሐይቅ ታያለች፤ ስጠራት አትሰማኝም። ከዚያ ምሽት በኋላ ፊቷ የሌላ ሰው ይመስለኝ ጀመር። እግሯን ታጥባ ስትገባ ሲሚንቶው ላይ የሚቀረው እርጥብ ዱካ አልጋዬ ጋ ይደርስና ይቆማል፤ የመመለሻው ግን አይታይም። ብርድ ልብስ ልትደርብልኝ መምጣቷን ዛሬ ባውቅም፣ ያኔ ልትሰናበተኝ የመጣች እየመሰለኝ ትራሱን ነክሼ አለቅስ ነበር።

እናም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ የእናቴን ቆዳ መፈለግ ጀመርኩ። ፍራሽ ሥር አየሁ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣሁ፣ በመጨረሻ አባቴ የሥራ ወረቀቱን የሚያስቀምጥበትን የብረት ሳጥን ከፈትኩ። ከታች፣ ከሁሉ ወረቀት ሥር፣ በእናቴ ስም የተጻፈ የተከፈተ ፖስታ ነበር። ደብዳቤ የሚመጣልን በአባቴ መሥሪያ ቤት በኩል ስለነበር እሷ እጅ ሳይደርስ ቀርቷል። እየተንተባተብኩ አነበብኩት፤ የዝውውር ጥያቄዋ ተቀባይነት አግኝቷል፣ በሁለት ወር ውስጥ ባሕር ዳር ሄዳ ሥራ ትጀምር ይላል። ጋሽ ደምሴ ያሉት ቆዳ ይኸው ነው አልኩ።

እናቴ የከሰዓት ተረኛ ነበረች። ኩሽና ገብቼ ደብዳቤውን ከነፖስታው ፍም ላይ ጣልኩት። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ስጠብቅ ወረቀት ብቻ ሸተተኝ፤ ተጠቀለለ፣ ጠቆረ፣ ስሟም ለጥቂት ጊዜ አመዱ ላይ ይነበብ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በእንጨት ደቆስኩት።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ሳጥኑን ወለሉ ላይ ዘርግፎ አገኘሁት። ፊቱን ላብ አጥምቆታል።

«እዚህ የነበረ ፖስታ አላየሽም?»

«እኔ እንጃ አባዬ።»

ያኔ የሚፈልገው ሊቀደው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እናቴ ከአባቴ ጋር የምታወራው ስለ አስቤዛና ስለ እኔ ብቻ ሆነ። ዝውውሩን ደግማ ብትጠይቅም ቦታው ተይዟል ተባለች። በዓመቱ የእናቷ መርዶ ሲመጣ አባቴ ሊያቅፋት ቢጠጋ ገፋችው። ቀረችልኝ፤ ደስ ይለኛል ያልኩት ግን አልሆነም፤ በሁለት ዝምታ መካከል አደግኩ፣ እኔም ፈሪ ነበርኩና ትንፍሽ አላልኩም።

ጋሽ ደምሴም አባቴም ዛሬ የሉም። ከዚያ ሁሉ ተረት እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ይህ አንዱ ነው፤ አንዳንዴ ከሰል ሲቀጣጠል ስሟ አመዱ ላይ ይታየኛል። ባለፈው ዓመት እናቴ ጡረታ ስትወጣ ባሕር ዳር ወሰድኳትና፣ ጣና ዳር እንደተቀመጥን ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አባትሽ ያኔ፣ ‹ደብዳቤውን ደብቄብሽ ነበር፤ ልሰጥሽ ብፈልገው አጣሁት› ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ ነበር» አለችኝ። «ቀዶታል እንጂ አልጠፋበትም ብዬ እስኪሞት ድረስ ይቅርታ ነፈግኩት።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ተነሳች።

«ነገ መኪና ፈልጊ፤ አሰላ እንመለስ። መቃብሩ ጋ ውሰጂኝ።»