የወንድሙ ፊት

ካሜራውን የሰጠችኝ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ናት። ነቀምቴን ለቃ ስትሄድ፣ «ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ አንቺ ተማሪበት» ብላ ተወችልኝ። ከስልክ በቀር በምንም ፎቶ አንስቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያነሳሁት ሁሉ ደብዛዛ ሆነብኝ። ከገበያው በታች ፎቶ ቤት ያላቸው ሽማግሌ አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ እንድጠይቃቸው ፈቀዱልኝ።

«ሰውየውን በር ላይ አስቀምጪው፤ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሪው» ይሉኛል። «ከዚያ ዓይኑ እንዲጠራ አድርጊ። ዓይኑ ከጠራ ሌላው ምንም አይደል።»

እህቴ ከጊዳ አያና ልጆቿን ይዛ እኔ ቤት የገባችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏን ገድለውባት፣ ቤታቸው ተቃጥሎ ነበር የመጣችው። የሠርጋቸው አልበም ከቤቱ ጋር ነዷል፤ ስልኳም በሽሽቱ መንገድ ላይ ወድቋል። ዘመድ ጋ ሁሉ የባሏን ፎቶ ፈለግን። ያገኘነው አንድ የክርስትና ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ ፀጉሩ ነው የሚታየው።

እህቴ ስትመጣም አላለቀሰችም። ትሠራለች፣ ልጆቹን ታጥባለች። አንድ ቀን ትንሿ ልጇ ጭኗ ላይ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ አባዬ ጺም ነበረው?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ልጅቷን መሬት አስቀምጣ ሌንሱን ወደምወለውልበት ክፍል መጣች።

«ዲጋ ሂጂልኝ» አለችኝ።

«ዲጋ ምን አለ?»

«ታናሽ ወንድሙ። ቁርጥ እሱን ነው። አንሺልኝና ለልጆቹ አባታችሁ ይህን ይመስል ነበር እላቸዋለሁ።»

«እኔ እኮ ገና ጀማሪ ነኝ። ፎቶ ቤት ያሉትን አባት ብለምናቸውስ?»

«ባዳ ፊት አይቀመጥልሽም» አለች።

ሄድኩ። ወንድሙ አናጢ ነው፤ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ሲልግ አገኘሁት። «አከም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ?» እንደምን አለሽ እህቴ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። የመጣሁበትን ስነግረው መላጊያውን አስቀመጠ።

«እኔ እሱ አይደለሁም እኮ» አለኝ።

«ታውቃለች።»

ቤት ገብቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ግራጫ ሹራብ ለብሶ ወጣ። «ይህን የሰጠኝ እሱ ነው። ይሁን?» አለኝ። ይሁን አልኩት። በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት።

«እሱ ፎቶ ሲነሳ ይስቃል» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተበላሸበት፤ መዳፉን ዓይኑ ላይ ጫነ። ካሜራውን አውርጄ ጠበቅሁት። እጁን ሲያነሳ ዓይኑን አጥርቼ አነሳሁት።

ሽማግሌው ፎቶውን አትመው ሲያዩት፣ «አሁን ገና አነሳሽ!» አሉኝ። በተማርኩበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ደስ ሊለኝ አልቻለም።

እህቴ ፎቶውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። በአውራ ጣቷ አፉን ሸፈነች፤ ቀጥላ አፉን ገልጣ ግንባሩን ሸፈነች።

«ዓይኑ የእሱ ነው» አለች። «አፉ ግን...» አልጨረሰችውም።

ትንሿ ልጅ ሮጣ መጥታ በእግር ጣቶቿ ቆመችና ፎቶውን ወደ ታች ሳበችው። «ወሲላ! ወሲላዬ ነው!» ብላ ጮኸች። የአባቷን ወንድም የምትጠራው እንደዚያ ነው።

እህቴ ወደኔ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «አዎ፣ ወሲላሽ ነው» አለቻት፤ ያሰበችውን አልነገረቻትም። ልጅቷ ፎቶውን ለወንድሞቿ ልታሳይ ይዛው ስትወጣ እህቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ፎቶው የአጎት ፎቶ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወንድሙ ሊጠይቀን ሲመጣ ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። እህቴ ስለ አባታቸው ለልጆቹ በቃል ትነግራቸዋለች፤ አረማመዱን፣ ድምፁን፣ በፊት ጥርሱ መሃል ያለውን ክፍተት። አንዳንዴ ወሬዋን አቋርጣ ወደ እኔ ትዞርና ቀስ ብላ ትጠይቀኛለች፤

«ቁመቱ ከበሩ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር አይደል?»

«አዎ» እላታለሁ። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።