ወንዝ የማያሻግር መድኃኒት

መርሳ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተመደብኩ። ኃላፊያችን ሲስተር አልጋነሽ ጓንት እየሰጠችኝ፣ «ፋሻውን ከመፍታትሽ በፊት አሽትቺ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቁስሉ ላይ የተለጠፈው ፌጦም ይሁን ነጭ ሽንኩርት ሽታው ይናገራል፤ ሕመምተኛው ግን ትንፍሽ አይልም። የሀገር መድኃኒት የያዘ ሰው ካወራሁ ይረክስብኛል ብሎ ይፈራል።

እትዬ ዘሃራ የመጡት ሥራውን ከለመድኩ ከዓመታት በኋላ ነው። ገበያ ማንጎ ይሸጣሉ። ባለፍኩ ቁጥር «ነይ እንጂ፣ ሳትቀምሺ አታልፊም!» እያሉ የሚለክፉኝ ሴት ናቸው። ያን ቀን ልጃቸው ሰሚራ ደግፋ አስገባቻቸው። ገና ፋሻውን ሳልፈታ ፌጦ ሸተተኝ። ስፈታው ግራ ጡታቸው ላይ የእንቁላል ያህል ጠጣር እብጠት አለ፤ ቆዳው በተለጠፈበት መድኃኒት ተቃጥሎ ቆስሏል።

ከስተው አጥንታቸው ወጥቷል። «ምን ይበላሉ?» አልኳቸው።

«ጨው የሌለው የገብስ ቂጣና ጥቁር አዝሙድ በማር። ሌላ አትንኪ ተብያለሁ።»

ሰሚራ ስልኳን አወጣች። «ሲስተር፣ ቪዲዮም አለ። ነቀርሳ ከሆነም ሥጋና ወተት ካጣ በረሃብ ይሞታል ይላል።»

«ኧረ በአላህ! እሱ ሳይራብ እናትሽ አለቁብሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

ቁስሉን አጥቤ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩላቸው። አልሄዱም። በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ቢላዋ የፈሩ መስሎኝ ስለ ማደንዘዣ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ተይኝ ልጄ» አሉኝ። «ወንዝ እንዳትሻገሪ ተብያለሁ። ከተሻገርኩ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ሕመሙ ተነስቶ ይገለኛል። ከዚህ እስከ ወልድያ ስንት ድልድይ አለ? ወላሂ ፈራሁ!» አለቀሱ። እኔም እንባዬ መጣ።

ሲስተር አልጋነሽን ሳማክራት፣ «የከለከላቸው ሰው ካልፈታላቸው በምክር አይነሱም» አለች።

መድኃኒቱን የሰጧቸው ጋሽ ይመር ከከተማው በላይ ነው የሚኖሩት። ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ቢያባርሩኝስ? ቢረግሙኝስ? ደርሼ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ብጉንጅ ነው ብላኝ ነው የሰጠኋት። ነቀርሳ አልችልም» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እንግዲያው ይምጡና ይፍቱላቸው፤ በፈጠረዎት!»

መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ዘሃራ፣ መድኃኒቴን አንስቻለሁ። ብይ፣ ጠጪ፣ ተሻገሪ» አሏቸው። እትዬ ዘሃራ ደግመው እንዲሉት ለመኗቸው። ደገሙት።

በማግስቱ በሚኒባስ ተነሳን። መጀመሪያው ድልድይ ላይ ስንደርስ እትዬ ዘሃራ ክንዴን ጨምድደው «ያ ረቢ!» አሉ። እኔ በዚህ ነገር አላምንም፤ ግን ዐይኔን ጨፍኛለሁ። አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ያምነኛል? ዐይኔን ስገልጥ ተሻግረናል። እሳቸው ገና ክንዴን አለቀቁም።

ዶክተሩ መርምሯቸው፣ «ብብታቸው ውስጥ ገብቷል። ቀደም ብለው ቢመጡ ሥራው ይቀል ነበር» አለኝ። ናሙናው ነቀርሳ መሆኑን አረጋገጠ፤ ደሴ ተልከው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የሆስፒታሉን መድኃኒት አሁንም እየወሰዱ ነው። ማንጎ መሸጡን ቀጥለዋል። ቦታቸውን ባዶ ባየሁ ቁጥር ግን ሰሚራ ጋ እስክደውል ቀልቤ አይመለስም።

አዲስ ነርስ ሲመደብልን ከማሽተቱ ጋር ይህንንም እነግረዋለሁ፦ ሪፈር ከመጻፍህ በፊት «ምን ከልክለውዎታል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ሳትሰማ የጻፍከውን ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።